ሉንድን ሁለተኛ የጻፍንበት ዓመት

ልጄ ሊድያ ባለፈው ወር አንድ ቀን ኮምፒውተሯን ከምሳ ሳህኗ አጠገብ አስቀምጣ የከተሞችን ስም በጣቷ ወደ ላይና ወደ ታች ስትጎትት አየኋት። ዓለም አቀፍ ግንኙነት ልታጠና ነው። እንደ አባት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያንን ትምህርት ጨርሶ በሕይወት የወጣ ሰው ስለሆንኩ ግን ማጨስ ጀመርኩ ያለችኝ ያህል ደነገጥኩ። "ለምን?" አልኳት በአማርኛ። "ለምን አይሆንም?" አለችኝ በስዊድንኛ። ቤታችን የሚተዳደረው እንዲህ ነው፤ እኔ በአንዱ ቋንቋ እጠይቃለሁ፣ እሷ በሌላው ትመልሳለች፣ ከዚያ ሁለታችንም የተግባባን መስሎን ወደ ክፍላችን እንገባለን። እያየሁ አንዱን ከተማ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ አወጣችው። ሌሎቹ ያለ ምንም ተቃውሞ አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ። አሁን ሐሳብ መለወጥ እንዲህ ቀላል ነው፤ ድምፅ እንኳ የለውም።

በእኛ ጊዜ ብላንኬት ነበር። ብላንኬት ማለት ያው ቅጽ ነው፤ ግን ስቶክሆልም ውስጥ ቅጽ የሚል ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቅጽ አገር ቤት የቀረ ነገር ነው፤ ጸሐፊዋ ምሳ ስለወጣች የማይሞላ፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ስለተቆለፈበት የማያልቅ። ብላንኬት ግን በበሩ የፖስታ ቀዳዳ ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ የሚጠብቅህ ትዕግሥተኛ ወረቀት ነው። በጥቁር ብዕር፣ በትልልቁ ፊደል፣ ከሣጥኑ ሳትወጣ ትሞላዋለህ። ከተሳሳትክ ሌላ ይልኩልሃል። ይህን ሁሉ ደግነት ያየ ሰው ከወረቀቱ በስተጀርባ አንድ ደግ ሰውዬ ተቀምጦ የኛን ነገር የሚያስብ ይመስለዋል። ልነግራችሁ ያሰብኩት ስህተት የመጣው ከዚህ ነው።

ፊቲያ በምትባል የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈር ነበር የምንኖረው፣ እኔና እናቴ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል። በሳሎኑ መስኮት በኩል የሐይቁ ቁራጭ ይታያል፤ እናቴ ለእንግዳ ስታሳየው እሷ ራሷ ያስቆፈረችው ትመስል ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ መሆኑን ብቻ ልናገር፤ ዓመቱን በትክክል የሚፈልግ ሰው ሌላ ሰው ይጠይቅ። ስልክ ገና በገመድ የታሰረበት ጊዜ ነው። የባቡር ጣቢያው በር ላይ ቋሊማ በዳቦ አሥር ክሮነር ነበር፣ ሰናፍጩ በነፃ። ወደ አዲስ አበባ ለመደወል ካርድ ይገዛና ሰላምታው ሳያልቅ ደቂቃው ያልቃል፤ ዘመዶቼን ለዓመታት የማውቃቸው በ"እንዴት ናችሁ" ብቻ ነው። የፊቲያ ጎረምሳ ሁሉ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ጃኬት ይለብሳል። እኔም ነበረኝ። እናቴ ባየችው ቁጥር "ከወታደር ሸሽቼ መጥቼ ወታደር ላሳድግ?" ትል ነበር። በበጋ መስኮቶቹ ሁሉ ሲከፈቱ ከአንዱ የቱርክ ዘፈን፣ ከአንዱ የአረብ፣ ከእኛው ደግሞ የመዝሙር ካሴት ይወጣል፤ አየሩ ላይ ተገናኝተው የሚፈጥሩትን ዜማ እስከዛሬ አንድም ኦርኬስትራ ሲጫወተው አልሰማሁም። ሰዎች ያንን ሰፈር ዛሬ በጋዜጣ ሲያነቡት ያዝኑልኛል። አይዘኑልኝ። ደህና ነበርን።

እናቴ ዘነበች ሁዲንጌ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ጽዳት ትሠራ ነበር። ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ በንጋት ባቡር ወይም አውቶቡስ ይዛ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ የሳሙና ሽታ ይዛ ትመለሳለች። ስዊድንኛዋ ለሥራና ለገበያ ይበቃል፤ ለደብዳቤ ግን አይበቃም። ለደብዳቤ ጋሽ ክፍሌ ነበር።

ጋሽ ክፍሌ የጉባኤያችን ጸሐፊ ነው። ማንም አልሾመውም፤ የእጅ ጽሑፉ ነው የሾመው። ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ጸሎቱ አልቆ፣ ከቴርሞስ ቡና ሲቀዳ፣ ሰዎች ከቦርሳቸው ብላንኬት እያወጡ ይሰለፉለት ነበር። የቤት ኪራይ ድጎማ፣ የልጆች መዋያ፣ የዜግነት ማመልከቻ፣ ሁሉም በእሱ እጅ አልፏል። በሥራው የባቡር ጣቢያ ሰው ነው፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሶ ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጦ፣ ረጅሙን የወረቀት ትኬት ተቀብሎ፣ እየቆጠረ አጥፎ ያትማል። ያ የማኅተም ድምፅ፣ ጣክ፣ አሁንም አንዳንዴ በሕልሜ ይሰማኛል። ከዚያ በፊት ግን መርካቶ ጨርቅ ሻጭ ነበር፣ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያደገ። ከመርካቶ ያመጣውን ጥበብ ስዊድን አገር ላይ ሁሉ ሲሠራበት ኖሯል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሠርቶለታል።

እንግዲህ የኔ ተራ ደረሰ። ዓለም አቀፍ ግንኙነት አጠናለሁ ብዬ ካወጅኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ለምን እንደመረጥኩት በእውነት ልናገር? ጋዜጣ ስለማነብና ከሁሉም ሰው ጋር ስለምከራከር፣ ይህ ልጅ ለዚህ የተፈጠረ ነው ተባለ፤ እኔም ስለራሴ ሰዎች የሚሉትን የማመን ድክመት ነበረብኝ። ከተማውም ተመርጧል። ሉንድ፣ የአገሩ ደቡብ ጫፍ ላይ። ዛሬ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ የመምህራኑን ብዛት፣ የውጭ አገር ልውውጡን፣ የተመራቂዎቹን ሥራ ታወዳድራለች። እኔ ያወዳደርኩት የካታሎግ ፎቶ ነው። የሉንዱ ካታሎግ ላይ ሦስት ብስክሌቶች አንድ አሮጌ የጡብ ግንብ ተደግፈው ቆመዋል፣ ባለቤቶቹ ሣር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ አምስት ሰዓት በባቡር ለመሄድ ቆረጥኩ። ሰው ትልልቁን ውሳኔ በትልቅ ምክንያት ይወስናል የሚሉትን ፈላስፎች የማላምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ብላንኬቱን ለመሙላት ቅዳሜ ከጉባኤ በኋላ ቤታችን ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ክፍሌ ቡናማ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ፤ አንድ አገር ቤት ሳለ የውጭ ጉዳይ ሹፌር የነበረ ወንድምም አብሮት መጣ፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ያልጎዳው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ባለሙያ ነበር።

"ዲፕሎማት ይሆናል" አለ ሹፌሩ። "እኔ አምባሳደሮች ነድቻለሁ። ሥራው መተኛት ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ተኝተው ነው አገር የሚወክሉት።"

"እሱንማ ቤቱ ውስጥ ተለማምዶ ጨርሷል" አለች እናቴ፣ ሳህን እያቀረበች።

"ሉንድ ነው የምፈልገው" አልኩ።

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። "በባቡር ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት ሰዓት ገደማ።"

 ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ኩሽና ገባች፤ ውኃ ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ፣ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

ጋሽ ክፍሌ ብዕሩን አወጣ። ብላንኬቱ ላይ ከአንድ እስከ ብዙ የተቆጠሩ መስመሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ላይ አንደኛ ምርጫህን፣ ቀጥሎ ሁለተኛህን እያልክ ትወርዳለህ። ብዕሩ ከአንደኛው መስመር በላይ ቆሞ ቀረ።

"ሉንድ ሁለተኛ ይሁን" አለ።

"ጋሼ፣ አንደኛ ነው እኮ የምፈልገው።"

"ለዚህ እኮ ነው ሁለተኛ የምናደርገው። ሰማህ፣ ሱቅ ገብተህ ዓይንህ ያረፈበትን ጨርቅ በመጀመሪያ ከነካህ አለቀልህ። ሌላውን ነው የምታስወርደው። እሱን አገላብጠህ፣ ዋጋውን ጠይቀህ፣ ከዚያ እንደ ዋዛ 'ያኛውስ?' ትላለህ። ፊት ለፊት ሉንድ ብለህ ከጻፍክ 'ይህ ልጅ ትናንት መጥቶ ዛሬ ትልቁን ጠየቀ' ይላሉ። መጀመሪያ ትንሹን ጻፍ፣ እዚሁ ሁዲንጌ አጠገብ አዲስ የተከፈተውን ኮሌጅ። ትሑት ልጅ ነው ይላሉ። ነጥብህን ያያሉ። 'አይ፣ ይህማ ለሉንድ ይበቃል፣ ይሂድ' ይላሉ።"

"የሚያየው ኮምፒውተር ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"ኮምፒውተሩን የሠራው ሰው አይደለም?"

ሶፋው ላይ ያሉት በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መጽሐፍ አንባቢው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሳይቀር ለምን እያልኩ አስተማሪ የማሰቃየው፣ እሺ አልኩ። ጋሽ ክፍሌ በዚያ ለማየት በሚያስደስት ጽሑፉ አንደኛው መስመር ላይ አዲሱን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው ላይ ሉንድን ጻፈ። ከዚያ ብላንኬቱ ጠረጴዛው መካከል ተቀመጠና ስድስት እጆች ተጭነውበት ተጸለየለት። ከስዊድን ማመልከቻዎች ሁሉ እንደዚያኛው የተጸለየለት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካርድ መጣ። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ ከምንጣፉ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወፍራም ነጭ ካርድ ነው፣ በስሜ የተላከ። የዚህ አገር ቢሮ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም አንተ ነው የሚለው፤ እንዲህ ይላል፦ ምርጫዎችህ በዚህ ቅደም ተከተል ተመዝግበዋል። ከላይ ያለው ከተሰጠህ ከእሱ በታች ያሉት ይሰረዛሉ። ቅደም ተከተሉን መለወጥ ከፈለግህ እስከዚህ ቀን ድረስ ጻፍልን።

በሚገባ ገባኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ለጌጥ ነው። ለአዲሱ ትምህርት ቤት የሚጠየቀው ነጥብ ከኔ ነጥብ በብዙ ያነሰ ነበር፤ ስለዚህ እሱን እንደማገኝ፣ ሉንድም እንደሚሰረዝ፣ ጥርጥር አልነበረውም። አንድ ፖስታና አንድ ቴምብር ነበር የሚያስፈልገው። ቴምብሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

አልጻፍኩም። እናቴን ከደብዳቤዎቿ ጋር ብቻዋን እንዳልተዋት ብዬ ነው ብል ያምርብኝ ነበር፤ ለዓመታትም ለራሴ እንዲህ ስለው ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። በዚያ ሣር ላይ የሚስቁት ልጆች መካከል ስቀመጥ ታየኝ፣ የጃኬቴ ብርቱካናማ ገበር እየታየ፣ ቀልዱን ሳልሰማ እየሳቅሁ። ፊቲያ ውስጥ ብዙ ያነበብኩ ነኝ፤ ሉንድ ስደርስ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ለጉባኤው ሁሉ እሄዳለሁ ብዬ ለፍልፌያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ፈራሁ ማለት ከሞት ይከፋ ነበር። ካርዱን ከመደርደሪያው ትልቁን የስዊድንኛ መዝገበ ቃላት አውርጄ ውስጡ ከተትኩት፤ በኤፍ ፊደል፣ ፈሪ የሚለው ቃል ባለበት ገጽ። በዚያ ዕድሜም ቢሆን በራሴ ላይ መቀለድ እወድ ነበር፣ ማንም እስካላየኝ ድረስ።

ከዚያ ወዲያ ሉንድ እንደሚሄድ ሰው ኖርኩ። የብስክሌት ዋጋ ጠየቅሁ። የደቡቦቹን የአነጋገር ዘዬ እያስመሰልኩ እናቴን አሳቅሁ። ጋሽ ክፍሌ ጣቢያው በር ላይ ባየኝ ቁጥር በመስተዋቱ ውስጥ ሁለት ጣቱን ያነሳልኝ ነበር፤ ሁለተኛው ምርጫ ይደርሳል ማለቱ ነው። እኔም ሁለት ጣቴን አነሳለት ነበር።

ቤሼዱ፣ ማለትም የውሳኔው ደብዳቤ፣ በበጋው አጋማሽ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ከአንደኛው መስመር ጎን ተቀብለንሃል፣ ከሉንድ ጎን ተሰርዟል። እፎይ አልኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት፤ ግንቡ መልሶ አስተጋባልኝ። እንደዚያ ያለ እፎይታ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ሁለተኛውን እነግራችኋለሁ። ችግሩ ፊቴ ነበር። ፊቴ ስቆ እናቴ ጋ መግባት አልችልም። ወደ ምድር ቤት ወርጄ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ፤ አንድ የማላውቃት ሴትዮ አንሶላ ታጥፋለች፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ አየሩ የሳሙና ነው። ፊቴ እስኪያዝን ድረስ እዚያ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ።

ሐዘኑ ከመጣ በኋላ ግን አልመለስም አለ። ቅዳሜ ከጉባኤ ስንወጣ ሰዎች ከበቡኝ። "እንዴት ሆነ? ሉንድ ምን አለ?" ጋሽ ክፍሌ ፕላስቲክ ኩባያውን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሁለት ጣቱን አንስቶ መጣ። በዚህ ጊዜ እውነቱን ልናገር እችል ነበር። ወይም ዝም ልል። እኔ ግን የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ንግግር ያዘጋጀ ሰው አደገኛ ነው።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ይህ መርካቶ አይደለም" አልኩ። "ስዊድን አንደኛ ስትላት አንደኛ ነው የምትሰጥህ። ሕይወቴን እንደ ጨርቅ ለክተው ቆረጡት፤ እርስዎ ተሳስተው እኔ ቀረሁ።"

 የሚሰማው የቴርሞሱ ክዳን ብቻ ነበር። ጋሽ ክፍሌ ጣቱን ቀስ ብሎ አወረደ። ቡናውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ወደ እናቴ ዞር ብሎ ለአንድ አፍታ አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ። "ልክ ነህ" አለ።  ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለማንም ብላንኬት አልሞላም። የሚጠይቁትን "ዓይኔ ደክሟል" ይላቸው ነበር፤ ዓይኑ ግን ትኬት ላይ አልደከመም። ክረምቱ ሳያልፍ ፋርስታ ወደሚባል ሌላ የስቶክሆልም ሰፈር ተዛወረ፣ ጉባኤም ቀየረ። የፊቲያ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ደብዳቤያቸውን ይዘው ሲንከራተቱ ቆዩና አንድ ቀን እኔ ጋ መጡ። ለሦስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቴርሞሱ አጠገብ ተቀምጬ ብላንኬት ስሞላ ኖርኩ። ቅጣት አይመስልም ነበር፤ ክብር ነበር የሚመስለው። ቅጣት ሁልጊዜ በስሙ አይመጣም።

ስለ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ክፉ የምናገረው የለኝም። ሕንፃው ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀውም ነበር። ከተማሪዎቹ እኩሌታው የመጣው እንደኛ ካለ ሰፈር ነው፤ ስለ ድንበር ስንማር ድንበር በእግሩ የተሻገረ ሦስት አራት ሰው ክፍሉ ውስጥ ይገኛል፤ መምህሩ እየቆመ ይጠይቃቸዋል። ከቤት በአይስክሬም ሣጥን የተቋጠረልኝ ምስር ወጥ ሳይቀዘቅዝ ክፍል እደርስ ነበር። የምሳ ሰዓት ላይ የአንድ የቺሊ ልጅ እናት ምግብና የእናቴ ምግብ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ካየኋቸው የሁለት አገር ስምምነቶች ሁሉ በታማኝነት የተከበረው እሱ ነው። ዲፕሎማት አልሆንኩም። ትርጉም እየሠራሁ፣ ማንም ያልጠየቀኝን አስተያየት በጋዜጣ እየጻፍኩ ኖርኩ። ሉንድ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ ከኋላ ወንበር ላይ እተኛ ነበር። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስል ራሴን የማጽናና ይመስላቸዋል። አይደለም። የተረፍኩት ከምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት ካርዱን ላጠፋው መዝገበ ቃላቱን ማውረዴን ግን መንገር አለብኝ። ኤፍ ላይ ከፈትኩት፤ የለም። ገጹን ሁሉ ሳገላብጥ ኤም ላይ አገኘሁት። የተሳሳትኩ መሰለኝ። ቀድጄ ጣልኩት፣ ረሳሁትም።

ጋሽ ክፍሌን ግን አልረሳሁትም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሠርግና በለቅሶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩን አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከሩቅ። እሱ በአንዱ በር ሲገባ እኔ በሌላው እወጣለሁ። እሱም እንደዚያው የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር፤ ተቀይሞኛል ብዬ አስቤ ይገባዋል እል ነበር። ልጄ ምርጫዋን ስትጎትት ባየሁ ማግስት ግን፣ ለሥራ ጉዳይ ፋርስታ ሄጄ፣ ከገበያ ማዕከሉ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከማሽኑ የወረፋ ቁጥር ቀደድኩ። ቀና ስል ከፊቴ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከዘራ ይዞ፣ ያንኑ የሚመስል ቡናማ ኮት ለብሶ፣ ተቀምጧል። ሁለታችንም ወደ በሩ አየን። ሁለታችንም ደግሞ ቁጥራችንን አየን። በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ከምንም ነገር ይሸሻል፣ ከወረፋው ግን አይሸሽም።

"ሳሙኤል ነህ?"

"ነኝ ጋሼ። እንደምን ነዎት?"

"ስንት ቁጥር ይዘሃል?"

"ስልሳ አምስት።"

"እኔ ስልሳ አራት ነኝ። ና ቁጭ በል።"

ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ አርባ ዘጠኝ የሚል ቁጥር በርቷል። ስለ ጤናው ጠየቅሁ፤ ስለ ጉልበቱ ነገረኝ። ስለ ልጄ ጠየቀኝ፤ "ዩኒቨርሲቲ እየመረጠች ነው" አልኩ።  ሃምሳ አንድ ሲበራ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት..."

"ሉንድን ነው?" አለ ወዲያው። ሠላሳ ዓመት እሱም ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞሯል።

"የእርስዎ ጥፋት አልነበረም። ካርድ መጥቶልኝ ነበር። ቅደም ተከተሉን ቀይር የሚል። አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛል። ፈርቼ ነው ያልቀየርኩት። ከዚያ በሰው ፊት እርስዎን አዋረድኩ።" አሁን ስጽፈው አጭር ነው፤ ስናገረው ግን ሦስት ቁጥር ፈጅቷል።

ጋሽ ክፍሌ ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ካርዱንማ አይቼዋለሁ" አለ።

"የትኛውን ካርድ?"

"ነጩን ነዋ። እናትህ ጣቢያ አመጣችልኝ። አቧራ ስጠርግ ከመጽሐፍ ወደቀ፣ የሳሚ ስም አለበት፣ የመብራት ዕዳ ይሁን የፍርድ ቤት አላውቅም፣ ያንብቡልኝ ብላ በመስተዋቱ ሥር አሾለከችልኝ። ሰው ተሰልፏል። አነበብኩት። ሳሚ፣ ያን ቀን ስንት ትኬት ሳላትም እንዳሳለፍኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። የሠራሁት ስህተት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። 'እህት ዘነበች፣ ጉድ ሠርቻለሁ፣ ዛሬውኑ ጽፌ አስተካክለዋለሁ' አልኳት። ምን አለች መሰለህ? 'ልጁ አንብቦታል?' አለች። 'በስሙ ነው የመጣው' አልኳት። 'ስዊድንኛው ከእርስዎ ይሻላል?' 'በጣም!' 'እንግዲያ አንብቦ ነው የደበቀው። መሄድ ቢፈልግ ይሄድ ነበር። ይመልሱልኝ' አለች። መለስኩላት። ከዚያ የተጨነቀችው ስለ ሉንድ አልነበረም፤ 'ከየትኛው ገጽ እንደወደቀ አላውቅም፣ ያውቅብኛል' ብላ ነው። እኔም እንዳታውቅብን ሁለት ጣቴን ማንሳቴን አልተውኩም።"

ኤም ፊደል ትዝ አለኝ።

"ታዲያ አዳራሹ ውስጥ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? በሰው ፊት ፈሪ ነህ ልበልህ? አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር።" ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና "ደግሞ እኮ ስህተቱን በመጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ። "ብላንኬት መሙላት የተውኩት አንተን ተቀይሜ አይደለም። እጄ ፈራ። የስንቱን ሰው ሕይወት እንዲያ ገልብጬ እንደጻፍኩ ማን ያውቃል አልኩ። አንተንም ስሸሽህ የኖርኩት ለዚህ ነው፤ ባየኸኝ ቁጥር ሉንድ ትዝ እንዳይልህ ብዬ።"

ሁለተኛው እፎይታ ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት አንዱ ከሌላው በር ለበር ስንሸሽ የኖርነው፣ እያንዳንዳችን በዳይ ነን ብለን ነው። በትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ስለ ምስጢራዊ ዲፕሎማሲ አንብቤ፣ ፈተና ወስጄ አልፌአለሁ፤ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ የትኬት መስኮት ውስጥ ሲካሄድ ግን አላየሁትም። ስልሳ አራት በራ። ጋሽ ክፍሌ ተነሳና ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መንገድ ላይ ዞር ብሎ፣ ከዘራውን እንደያዘ፣ ሁለት ጣቱን አነሳልኝ። አነሳሁለት።

በቀጣዩ እሑድ ሊድያን ይዤ ፊቲያ ሄድኩ። እናቴ እዚያው አራተኛ ፎቅ ናት፤ የሐይቁ ቁራጭም ቦታው ላይ ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምታጸዳው የራሷን ቤት ብቻ ስለሆነ ቤቱ እንደ ሆስፒታል ያበራል። ሊድያ እጇን ስትታጠብ ጠብቄ "ጋሽ ክፍሌን አገኘሁት" አልኳት እናቴን።

"ደህና ነው? ጉልበቱስ?"

"እማዬ፣ ያንን ካርድ አይተሽው ነበር እንዴ?"

"የቱን ካርድ?"

"ከመዝገበ ቃላቱ ውስጥ የነበረውን።"

ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። እንደዚህ ያለ ፊት ይዞ ድርድር የሚገባ መንግሥት አገር አያጣም። "እኔ አቧራ ነው የጠረግሁት" አለች። "ምሳ በልታችኋል?"

ሊድያ እጇን እያደረቀች መጣችና ምን እያወራችሁ ነው አለችን፣ በስዊድንኛ።

"ስለ አቧራ ነው" አለች አያቷ በአማርኛ። "አንቺስ? አባትሽ ትምህርት ቤት እየመረጠች ነው አለኝ። የት ነው?"

"ሉንድ" አለች ልጄ። "አንደኛ አድርጌዋለሁ።" ይህኛውን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ለአያቷ ሲሆን ታወጣዋለች።

እናቴ ሳህን ይዛ ነበር። ያው ቦታ፣ ከጠረጴዛውና ከኩሽናው መካከል፣ ቆመች። እኔ ውኃው እስኪከፈት ጠበቅሁ።

"አሁን በባቡር ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች።

"አራት ሰዓት ተኩል ገደማ።"

ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና የታችኛውን ቁም ሣጥን ከፈተች፤ ባዶ የአይስክሬም ሣጥኖች እስከ ላይ ተደርድረዋል። አንዱን አውጥታ ክዳኑ መግጠሙን አየች።

"ደህና ነው" አለች። "ምግብ አይበላሽም።"